የፊት እግር

የቴሌቪዥን ዘጋቢ ፕሮግራም፤ የትረካ ጽሑፍ
ቆይታ፦ 15 ደቂቃ

ምስል፦ የፎገራ ሜዳ። ከወረታ ወደ ምሥራቅ የሚወጣው አስፋልት። ከሩቅ የጉና ተራራ።

ተራኪ፦

ከወረታ ደብረ ታቦር 42 ኪሎ ሜትር ነው። የፎገራን የሩዝ ማሳ ወደ ኋላ ትቶ የሚወጣ መኪና በዚህች አጭር መንገድ 900 ሜትር ገደማ ሽቅብ ይወጣል። ሾፌሩ ማርሽ ይቀንሳል፤ የተሳፋሪው ጆሮ ይደፈናል። ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ላይ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር ሩብ ያህል ይቀንሳል፤ ቱርቦ የሌለው ሞተርም የሚተነፍሰው ይህንኑ የሳሳ አየር ስለሆነ ጉልበቱ በዚያው ልክ ይጎድላል። ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍ በሚለው በጉና አናት ደግሞ ጉድለቱ ወደ አርባ በመቶ ይደርሳል።

አስፋልቱ በጋሳይ፣ በክምር ድንጋይና በነፋስ መውጫ አድርጎ፣ ጨጨሆን ተሻግሮ ወሎ ይገባል። ከወረታ እስከ ወልድያ 300 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሄደው ይህ መንገድ፣ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በ1964 ዓ.ም. ቻይናን ከጎበኙ በኋላ በተገኘ እርዳታ የተሠራ ነው። ያገሩ ሰው ዛሬም የቻይና መንገድ ይለዋል።

እኛ የምንከተለው ከዚህ አስፋልት ወጥታ የምትታጠፈውን ትንሽ መኪና ነው። ወደ ጉና ትከሻ፣ ወደ እስቴ፣ ወደ ስማዳ፣ ወደ ታች ጋይንት። በበጋ አቧራና ጥቁር ድንጋይ፣ በክረምት ጭቃ ያለበት አገር ነው። እዚያ ውስጥ መኪናዋን ከፊት የሚጎትታትና አቅጣጫ የሚያስይዛት አንድ ብረት አለ። የፊት አክስል ይባላል፤ በጋራዥ ቋንቋ ደግሞ የፊት እግር።

ምስል፦ ሱዙኪ ጂምኒ ድንጋያማ አቀበት ስትወጣ። ካሜራው ዝቅ ብሎ ከሥር። አንድ ጎማ ድንጋይ ላይ ሲወጣ ሌላው ወደ ታች ሲጫን።

ተራኪ፦

የመጀመሪያዋ ጂምኒ በ1970 እ.ኤ.አ. ጃፓን ውስጥ ስትወጣ ክብደቷ 600 ኪሎ ገደማ ነበር። በ1981 ኤስጄ 410 መጣች፤ ቀጥሎ ሳሙራይ። በ1998 በሞላ የቆመችው ጂምኒ ተተካች፤ በ2018 ደግሞ አራተኛው ትውልድ። በግማሽ ምዕተ ዓመት ውስጥ ሞተሯም፣ መልኳም፣ ወንበሯም ተለዋውጧል። ከግራ ጎማ እስከ ቀኝ ጎማ የሚዘልቀው ወጥ የፊት አክስል ግን አልተለወጠም።

ይህ ወጥ ብረት በአስፋልት ላይ ምቾት አይሰጥም። አቀበት ላይ ግን አንዱ ጎማ ድንጋይ ሲረግጥ ሌላውን ወደ መሬት ይጭነዋል፤ ሁለቱም መሬት እንደያዙ ይቆያሉ።

በውስጡ ከዲፈረንሻሉ ግራና ቀኝ የሚወጡ ሴሚያሶች አሉ። የፊት ጎማ እየዞረ መታጠፍም ስላለበት፣ ሴሚያሱ ጎማው ጋ ሲደርስ የሚተጣጠፍ መገጣጠሚያ ያስፈልገዋል። ለዚህ መልስ ካገኙት አንዱ በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. የፎርድ መሐንዲስ የነበረው አልፍሬድ ርዜፓ ነው። ስድስት የብረት ኳሶችን በውስጥና በውጭ ብረት መካከል በተቆፈሩ ቦዮች ውስጥ አስገባ፤ ኳሶቹን በቀፎ ያዛቸው። መሪው ሲታጠፍም ሳይታጠፍም ጎማው በእኩል ፍጥነት ይዞራል። መካኒኮች ዛሬ ቢርፊልድ የሚሉት ይህ ነው። በእጅ የሚያዝ ዕቃ ነው፤ መኪናዋን ከገደል አፋፍ የሚያወጣው ጉልበት ሁሉ ግን በእነዚያ ስድስት ኳሶች በኩል ያልፋል።

የሚሰበረውም በታወቀ ሰዓት ነው። መሪው እስከ መጨረሻ ታጥፎ፣ ጎማው ድንጋይ ሥር ተቀርቅሮ፣ ሾፌሩ ሪዶታ፣ ማለትም ዝቅተኛውን የጉልበት ማርሽ፣ አስገብቶ ነዳጅ ሲረግጥ። አየሩ ሳስቶ ሞተሩ ሲደክምበት ደግሞ ሾፌሩ ሞተሩን አስጩኾ ፍሪሲዮኑን በአንዴ ይለቃል። ያን ጊዜ ቢርፊልዱ ላይ የሚወርደው ምት ነው።

ምስል፦ ጋፋት። ሣር የሸፈነው ኮረብታ። ቀጥሎ አዲስ አበባ፣ ቴዎድሮስ አደባባይ፤ የሴባስቶፖል መድፍ ቅጂ፤ ካሜራው በጋሪው መንኰራኵር ላይ ይቆያል።

ተራኪ፦

ከደብረ ታቦር ጥቂት ወጣ ብላ ጋፋት አለች። ስለ ጎማና ስለ ሸክም በዚህ አገር የሚናገር ሁሉ እዚህ ሳይቆም ማለፍ አይችልም።

ዐፄ ቴዎድሮስ የእጅ ሙያ የነበራቸውን የቅዱስ ክሪሾና ሚሲዮን ወንጌላውያን ያሰፈሩት ጋፋት ላይ ነው። ዋልድማየር፣ ዛልሙለር፣ ቤንደር፣ ማየር፤ ከሚሲዮኑ ውጭ ደግሞ ፖላንዳዊው ሞሪትስ ሃል። ሚሲዮናውያኑ ወንጌል ሊሰብኩ የመጡ ሰዎች ናቸው፤ ንጉሠ ነገሥቱ የፈለጉት ግን መድፍ ነበር። ከኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ጋር እቶን ሠርተው ነሐስ አቀለጡ። ከሁሉ የሚበልጠው ሴባስቶፖል ተባለ። ክብደቱ 7 ቶን ገደማ ነው። የዛሬዋ ጂምኒ አንድ ቶን ያህል ስለምትመዝን ሰባት መኪና በአንድ ጋሪ ላይ እንደ መጫን ነው።

በ1860 ዓ.ም. መስከረም ሊያልቅ ሲል ዐፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ ተነሡ። አገሩ ከድቷቸዋል፤ በእጃቸው የቀረው የደብረ ታቦርና የመቅደላ ዙሪያ ነው። የእንግሊዝ ጦርም በዙላ በኩል እየገባ ነው። እሳቸው ግን መድፉን ትተው አልሄዱም። መድፉ በጋሪ ላይ ተጭኖ፣ በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች በጠፍር እየጎተቱት ጉዞ ተጀመረ።

ጋሪው የቱንም ያህል ቢጠነክር የሚሄድበት መንገድ አልነበረም። ስለዚህ መንገዱ ከጋሪው ፊት ፊት ተቆረጠ። ድንጋዩ በባሩድ ተፈነቀለ፤ ገደሉ ተጠረበ፤ ስርጓዱ ተሞላ። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ድንጋይ ያነሡ፣ አፈር ይቆፍሩ ነበር። ከዋድላ ደጋ ወደ ዥጣ ገደል ወርዶ፣ ከዥጣ ወደ ደላንታ ሜዳ ወጥቶ፣ ከደላንታ እንደገና ወደ በሽሎ መውረድ። ይህን አገር ያየ ሰው ሽቅቡ ብቻ እንዳልሆነ ያውቃል። ቁልቁለቱ ይብሳል። ሽቅብ ላይ የደከመ ሰው ቆሞ ያርፋል። ቁልቁል ላይ ሰባት ቶን የሚይዘው ፍሬን የሰው ክንድ ነው፤ ከኋላ ጠፍሩን የሚይዙት ከለቀቁት፣ ከፊት ያሉትን ይጨርሳል።

ስድስት ወር ያህል ፈጀ። ከደብረ ታቦር የተነሣው መድፍ መጋቢት ውስጥ መቅደላ ደረሰ። የእንግሊዝ ጦር የመልክዓ ምድር ባለሙያ የነበረው ክሌመንትስ ማርክሃም የዥጣን መንገድ ሲያይ አድናቆቱን ሳይደብቅ ጽፏል። ይህን ስናወራ ሁልጊዜ የሚከብደን ቀጥሎ ያለው ነው። በመጋቢት መጨረሻና በሚያዝያ መባቻ ናፒየር የሚመራው የእንግሊዝ ጦር ዥጣንና በሽሎን የተሻገረው ቴዎድሮስ ባስቆረጡት በዚያው መንገድ ነው። ሚያዝያ 6 ቀን ዐፄ ቴዎድሮስ በገዛ እጃቸው አለፉ። ሴባስቶፖል ዛሬም መቅደላ ላይ ነው።

ድምፅ፦ የጋራዥ ድምፅ፤ መዶሻ፣ የክሪክ ጩኸት።

ተራኪ፦

ተሸካሚውን ሸክሙ ሲያቅተው ምኑ ይጠንክር? የዚያ ጉዞ ጥያቄ ዛሬም በየጋራዡ አለ።

ብዙ ባለመኪና የሚጀምረው ከጎማ ነው። ሳሙራይ ከፋብሪካ ስትወጣ የጎማዋ ቁመት 26 ኢንች ገደማ ነው። 31 ኢንች ሲገባላት ትልቁን ጎማ ለማዞር አክስሉ ላይ የሚያርፈው ጉልበት 18 በመቶ ያህል ይጨምራል። ከዚያ ሪዶታው ይለወጣል። የማርሹ ምጣኔ ከ2.27 ወደ 4.16 ሲቀየር መኪናዋ ዳዴ እያለች ትወጣለች፤ ወደ አክስሉ የሚሄደው ጉልበት ግን 83 በመቶ ይጨምራል። አክስሉ ያው የድሮው ነው።

ሦስተኛው እርምጃ ከክሮሞሊ የተሠራ ሴሚያስና ቢርፊልድ መግዛት ይሆናል። ክሮሞሊ ክሮምና ሞሊብዲነም የገባበት ብረት ነው፤ በሙቀት በደንብ ከተገራ ከተራው ብረት የበለጠ ጉልበት ይችላል፤ ተጠምዝዞም ወደ ቦታው ይመለሳል። ጥሩ ዕቃ ነው። ግን ጉልበት መውጫ አያጣም። ሴሚያሱ እምቢ ሲል የዲፈረንሻሉ የኮሮናና የፒኞን ጥርስ ይረግፋል፤ እነሱም ከተጠናከሩ የጎማውን እምብርት፣ ሞዞውን፣ የያዙት ቡሎኖች ይቆረጣሉ፤ ወይም ቱቦው ራሱ ይጣመማል። የተሰበረ ሴሚያስ በሜዳ ላይ ወጥቶ ይለወጣል። የተጣመመ አክስል ግን ከነመኪናው ተጭኖ ነው የሚሄደው። ስማዳ ውስጥ በነሐሴ የሚጭነው ምንድን ነው?

ስለዚህ ዐዋቂ መካኒክ ሁሉንም እኩል አያጠነክርም። የሚሰበረውን አስቀድሞ ይመርጣል። ለመለወጥ የሚቀለው፣ ትርፉ ከወንበር ሥር የሚቀመጠው እንዲሰበር ያደርጋል።

ምስል፦ የተከፈተ የፊት አክስል በቅርበት። ሞዞው ወጥቷል። እጅ ቢርፊልዱን ሲያወጣ። ጨርቅ። ብርሃን በኩሽኔታው ላይ።

ተራኪ፦

ይህን ፕሮግራም ስንጀምር ያሰብነው ስለ ጠንካራ ብረት ነበር። ካሜራው ያመጣልን ግን ሌላ ነው፤ እኛም ምስሉን ተከተልን።

ይህ አክስል አልተሰበረም። ሴሚያሱ ቀጥ ያለ ነው፤ ስድስቱም ኳሶች አሉ። ቢርፊልዱ የተቀመጠበት ኳስ መሰል ቤት ውስጥ ግን መኖር ያለበት ወፍራም ግራሶ የለም። ያለው ቀጭን ግራጫ ፈሳሽ ነው። ዘይት የሚያግደው የውስጠኛው ላስቲክ፣ ፓራኦሊዮ፣ አርጅቶ የዲፈረንሻሉን ዘይት አሳልፏል፤ ዘይቱ ግራሶውን አቅልጦታል። የውጭው መጥረጊያ ላስቲክ ደግሞ ደርቆ ተሰንጥቋል፤ በዚያ በኩል የወንዝ ውኃና ጭቃ ገብቷል።

ወደ ፔርኖዎቹ እንሂድ። ጎማው ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚታጠፈው ከላይና ከታች ባሉ ሁለት አጫጭር ፔርኖዎች ላይ ነው፤ እያንዳንዱ በትንሽ ኩሽኔታ ይያዛል። እነዚህ ኩሽኔታዎች እንደ ሌሎቹ ዙሪያ አይዞሩም፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ በጠባብ ቦታ ይመላለሳሉ። ስለዚህ ሮለሮቹ ሁልጊዜ የሚመቱት አንድ ቦታ ነው። ምስሉን አቁመን እንየው። በኩሽኔታው ቀለበት ውስጥ፣ በእኩል ርቀት የተደረደሩ ጭረቶች። ጥፍር ሲሄድባቸው ይይዛል። በመካከላቸው ቀይ ዝገት።

ሾፌሩ ይህን አያየውም። የሚያውቀው 60 ወይም 70 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሲደርስ መሪው በድንገት እንደሚንዘፈዘፍ ነው። ጎሚስታ ጋ ሄዶ ጎማ ያስተካክላል፤ ቴስቲና ይለውጣል፤ አሞርዛተር ይለውጣል፤ ይሻለውና ከሳምንት በኋላ ይመለሳል። ጥፋቱ ግን እዚህ ነው። ይህን አክስል ሳይከፍቱ ክሮሞሊ መግዛት ገንዘቡን ጭቃ ውስጥ መወርወር ነው ብለን እናምናለን።

ሥራው ረጅም ነው፤ የሚጠይቀው ግን ንጽሕናና ትዕግሥት ነው። ሁሉም በነዳጅ ይታጠባል፤ ይደርቃል። የውስጠኛው ፓራኦሊዮ አዲስ ይገባል። አዲሶቹ ኩሽኔታዎች ይመታሉ፤ ከፔርኖው ሥር የሚገቡት ስስ ቀለበቶች ይመረጣሉ። ቀለበቱ ከወፈረ ኩሽኔታው ላልቶ መሪው ይንቀጠቀጣል፤ ከሳሳ ኩሽኔታው ታንቆ መሪው ይከብዳል። ልኩ የሚታወቀው በሚዛን ነው። የሞላ ሚዛን ቴስቲናው በሚገባበት ቀዳዳ ላይ ይንጠለጠላል፤ ቀስ ብሎ ይሳባል፤ ብረቱ መንቀሳቀስ በጀመረባት ቅጽበት ቁጥሩ ይነበባል፤ በመኪናዋ መመሪያ ላይ ካለው ጋር ይመሳከራል። ካልገጠመ ይፈታል፤ ቀለበት ይቀየራል፤ እንደገና ይሳባል። ምሽት ላይ፣ በአንድ አምፖል ሥር፣ ለሦስተኛ ጊዜ የሚፈታ መካኒክ ክብር ይገባዋል።

ቢርፊልዱ የሚፈልገው ሞሊብዲነም ያለበትን ግራሶ ነው፤ በጣት እየተጫነ በኳሶቹ መካከል እስኪወጣ ድረስ ይሞላል።

ምስል፦ ታች ጋይንት፤ ሰዎች ቃሬዛ ተሸክመው ቁልቁል ሲወርዱ። ከሩቅ መንገድ።

ተራኪ፦

መኪና ያልደረሰበት ቦታ ሕመምተኛ በቃሬዛ ነው የሚወጣው። ስምንት ወንድ እየተፈራረቀ ይሸከማል፤ ምጥ የያዛት ሴት በዚህ መንገድ ወደ ጤና ጣቢያ ትሄዳለች። ስለ አንድ ፓራኦሊዮ ይህን ያህል የምናወራው ለዚህ ነው። መለዋወጫው የሚገኘው መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ነው። ከደብረ ታቦር እዚያ ድረስ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በሐምሌ የተበላሸ የፊት እግር ዕቃው በአውቶቡስ እስኪመጣ ይጠብቃል፤ የታመመ ሰው ግን አይጠብቅም። ስለዚህ ሁለት ፓራኦሊዮ፣ አራት የፔርኖ ኩሽኔታ፣ አንድ ቆርቆሮ ግራሶና አንድ ሴሚያስ ከክረምት በፊት፣ በግንቦት፣ መጋዘን ውስጥ መኖር አለባቸው። የመሥሪያ ቤት መኪና የሚያስተዳድር ሁሉ ይህን ከትልቁ ጎማ ያስቀድም።

ምስል፦ ክምር ድንጋይ፤ ጥርጊያው ከአስፋልቱ የሚገናኝበት። ሾፌር ወርዶ ሞዞው ላይ ያለውን መቆለፊያ ሲያዞር።

ተራኪ፦

ከጉና የወረደች መኪና አስፋልት ስትይዝ ሾፌሩ ይወርዳል። የፊት ሞዞዎቹን ከሎክ ወደ ነጻ ያዞራል፤ ሴሚያሱ ከአሁን በኋላ በከንቱ አይዞርም። ከመነሣቱ በፊት መዳፉን በግራው ሞዞ ላይ፣ ቀጥሎ በቀኙ ላይ ያሳርፋል። ሁለቱ እኩል ለብ ካሉ መንገዱን ይቀጥላል። አንዱ ከሌላው ብሶ ከጋለ ኩሽኔታው ታንቋል ወይም ግራሶ አጥቷል፤ ወይም ፍሬኑ ይዞ አልለቀቀም። ደብረ ታቦር እንደገባ፣ ሌላ ጉዞ ሳይታዘዝ፣ ያ ጎማ ይከፈታል።