ረሳሁ፣ ዘነጋሁ፣ ጠፋኝ፤ የማስታወስ ሙያዊ ቃላትን ስለ መተርጐም

ስለ ሰው ልጅ የማስታወስ ኃይል የተጻፉ የሥነ ልቡና መጻሕፍትን ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው ብዙውን ጊዜ በሁለት ቃላት ብቻ ሲሠራ ይታያል፤ እነርሱም «ማስታወስ» እና «መርሳት» ናቸው። ቋንቋው ግን ከዚህ የበለጠ ሀብት አለው። ከዚህ ቀጥሎ የሚቀርበው ሐተታ የሚመለከተው፣ ሳይንሱ በብዙ ድካም የለያቸውን ነገሮች አማርኛ በዕለት ንግግሩ ለይቶ ሲጠራ ተርጓሚው ግን መልሶ ስለ መደባለቁ ነው።

ማስታወስንና መርሳትን በሙከራ የመለካቱን ሥራ የጀመረው ጀርመናዊው ኸርማን ኤቢንግሃውስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው መጽሐፍ መጀመሪያ ላይ ያለፈው ነገር የሚገለጥበትን መንገድ በሦስት ከፍሎታል፤ አንደኛው በፈቃድና በጥረት የሚመጣ፣ ሁለተኛው ሳይጠሩት በራሱ የሚመጣ፣ ሦስተኛው ወደ ኅሊና ሳይደርስ በሥራ ላይ ብቻ የሚታይ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን አማርኛ በሰዋስው ይለያቸዋል። «ነገሩን አስታወስሁ» ሲባል ባለቤቱም አድራጊውም ተናጋሪው ነው። «ነገሩ ትዝ አለኝ» ወይም «ታወሰኝ» ሲባል ግን ባለቤቱ ነገሩ ሲሆን፣ ተናጋሪው ተሳቢ ሆኖ ይቀበለዋል። ስለዚህ ሳይጠሩት የሚመጣውን ዐይነት «ያለ ፈቃድ ማስታወስ» ብሎ መተርጐም እርስ በርሱ የሚጣላ አነጋገር ነው፤ «ትዝ ማለት» ይበቃዋል።

ሦስተኛው ዐይነት በጥያቄ ስለማይገኝ ኤቢንግሃውስ በዘዴ ደረሰበት። ትርጉም የሌላቸውን ክፍለ ቃላት በዝርዝር እያጠና፣ ጊዜ አሳልፎ ያንኑ ዝርዝር እንደገና ሲያጠና ከመጀመሪያው ድካም ምን ያህሉ እንደ ቀነሰለት ይለካ ነበር። ከ20 ደቂቃ በኋላ የቀነሰለት 58 በመቶ ያህል፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ 44፣ ከአንድ ቀን በኋላ 34፣ ከ31 ቀን በኋላ 21 ነበር። ይህ አኃዝ «ሰው ከተማረው ውስጥ በአንድ ቀን 66 በመቶውን ይረሳል» ተብሎ ሲተረጐም ስሕተት ነው። የተለካው በቃል የቀረው ሳይሆን በዳግም ጥናት የተቈጠበው ድካም ነውና፤ አንድም ክፍለ ቃል ማስታወስ ያልቻለ ሰው እንኳ ቁጠባ ሊኖረው ይችላል። በመሆኑም «የዳግም ጥናት ቁጠባ» የሚለው ስያሜ ረዘም ቢልም አንባቢን አያስትም። መርሳት በመጀመሪያ ፈጣን፣ ኋላ ዝግ ያለ መሆኑን ግን ሙሬ እና ድሮስ እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጡት የድጋሚ ሙከራ ውጤት አረጋግጠዋል።

ወደ መርሳት ስንመጣ ልዩነቱ ይበልጥ ይጎላል። «ቁልፉን የት እንዳኖርሁት ዘነጋሁ» የሚል ሰው፣ ሲያኖረው ልብ አላለም ማለቱ ነው፤ ነገሩ ከመነሻው በወጉ አልተመዘገበም። ቃሉ ወቀሳም ያዘለ ነው፤ «ዝንጉ» የሰው ጠባይ መጠሪያ ሲሆን «ረሳ» ግን ያን ያህል አይወቅስም። «ስሙ ጠፋኝ» የሚለው ደግሞ ከሁለቱም ይለያል። «ጠፋ» ብቻ ቢባል ነገሩ የለም ማለት ነው፤ «ጠፋኝ» ሲባል ግን ነገሩ ሳይኖር አይቀርም፣ ያላገኘሁት እኔ ነኝ። ቱልቪንግ እና ፐርልስቶን እ.ኤ.አ. በ1966 ያሳዩት ይህንኑ ነው። በየወገኑ የተመደቡ ቃላትን ካስጠኑ በኋላ፣ የወገኑ ስም የተነገራቸው ተጠኚዎች ባዶ ወረቀት ከተሰጣቸው ይልቅ ብዙ ቃላት ጻፉ። እነዚያ ተጨማሪ ቃላት በሌሎቹም ዘንድ ነበሩ፤ መውጫ ግን አላገኙም። አንዲት «ኝ» የያዘችውን ይህን ልዩነት «መርሳት» በሚለው ጥቅል ቃል መሸፈን ያሳዝናል።

በዚያው ዓመት ብራውን እና ማክኒል ያወጡት ጥናት ለመዝገበ ቃላት ሠራተኛ በተለይ ደስ የሚያሰኝ ነው። እንግዳ የሆኑ የእንግሊዝኛ ቃላትን ፍቺ ለተማሪዎች እያነበቡ ቃሉን ጠየቋቸው፤ መዝገበ ቃላትን ከኋላ ወደ ፊት እንደ ማንበብ ነው። ቃሉ «አፌ ላይ ነው» ያሉት ተማሪዎች፣ ቃሉን ባያገኙትም እንኳ የመነሻ ፊደሉንና የክፍለ ቃላቱን ቁጥር ብዙ ጊዜ በትክክል ይገምቱ ነበር።

አማርኛ የሚቸግርበትም ቦታ አለ። «አስታወሰኝ» ማለት «እኔን አልረሳኝም» ማለትም፣ «የረሳሁትን አሳሰበኝ» ማለትም ነው። በተራ ንግግር አገባቡ ይፈታዋል። የሙከራ ዘገባ በሚጻፍበት ጊዜ ግን አስታዋሹ ተጠኚው ይሁን ወይስ የተሰጠው ምልክት አይታወቅም። ስለዚህ ምልክቱን «አስታዋሽ» ከማለት «ፍንጭ» ማለት ይሻላል።

«ትዝታ»ስ? ቱልቪንግ እ.ኤ.አ. በ1972 በራስ ላይ የደረሰን ነገር ማስታወስን ከጠቅላላ ዕውቀት በለየ ጊዜ የተጠቀመበትን የመጀመሪያውን ስያሜ አንዳንዶች «ትዝታ» ሊሉት ይወዳሉ። ቃሉ ግን ናፍቆት አለበት፤ የዜማ ቅኝትም ስም ነው። ትናንት ምሳ ምን እንደ በላ የሚናገር ተጠኚ ትዝታ የለበትም። «የገጠመኝ ትውስታ» ብንለው ለዛ ቢያጣም ልክ ነው። ለሁለተኛው «የዕውቀት ትውስታ» የሚለው ሲያዙት ይከብዳል፤ ምክንያቱም አማርኛ ተናጋሪ የፈረንሳይ ዋና ከተማ ፓሪስ መሆኗን «አስታውሳለሁ» አይልም፣ «አውቃለሁ» ይላል እንጂ። ቱልቪንግም ራሱ እ.ኤ.አ. በ1985 ተጠኚዎቹን «ታስታውሳለህ ወይስ ታውቃለህ?» ብሎ ወደ መጠየቅ ደርሷል።