ከነጠብጣብ ወደ መስመር፦ የኤሊዋ ብዕርና የጉለሌ ጥለት

በጉለሌ ክፍለ ከተማ ሁለት የሙያ ዓለማት በጉርብትና ይኖራሉ። አንደኛው ዊንጌት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1946 የጀኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት የተከፈተበት፣ ዛሬም ፖሊቴክኒክ ኮሌጅ የሚገኝበት ሰፈር። ሁለተኛው ሽሮ ሜዳ ሲሆን፣ ከጋሞ አካባቢ የመጡ የዶርዜ ሸማኔዎች ሙያ የሚታይበት የሀገር ልብስ ገበያ ነው። የመጀመሪያው የማሽንና የኮምፒውተር፣ ሁለተኛው የድርና የማግ ዓለም ነው። አንድ ተማሪ የጥለትን ንድፍ በኮምፒውተር ለመሥራት ሲነሣ ግን ሁለቱ ይገናኛሉ፤ ወዲያውም አንድ ሳይንሳዊ ጥያቄ ይነሣል። በስክሪን ላይ ያማረው ንድፍ ሲጎላ ጠርዙ የሚሻክረው ለምንድን ነው?

ኤሊዋና ብሎኮቹ

እ.ኤ.አ. በ1967 ሲይሞር ፓፐርትና ባልደረቦቹ ሎጎ የተሰኘውን የፕሮግራም ቋንቋ ለሕፃናት አዘጋጁ። በሎጎ ብዕር የያዘች «ኤሊ» የታዘዘችውን ያህል እየተራመደችና እየዞረች ሥዕል ትሥላለች። በኋላ የመጡት እንደ ስክራች፣ ስናፕና ተርትል አርት ያሉ ሶፍትዌሮች ትእዛዙን ከመጻፍ ይልቅ እንደ መጫወቻ የሚገጣጠሙ ብሎኮች አደረጉት። ተርትል አርት ለሀገራችንም እንግዳ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2008 ለኢትዮጵያ ተማሪዎች በታደሉት የኤክስ.ኦ ላፕቶፖች ሥርዓት ውስጥ ከሚሠሩት ሶፍትዌሮች አንዱ ነበር።

በጥለት ላይ የሚዘወተረውን የአልማዝ ቅርጽ እንውሰድ። «50 ወደ ፊት፣ 60 ዲግሪ ወደ ቀኝ፣ 50 ወደ ፊት፣ 120 ዲግሪ ወደ ቀኝ» የሚለውን 2 ጊዜ መድገም ይበቃል። የዙሮቹ ድምር 360 ዲግሪ ስለሚሆን ኤሊዋ ወደ ተነሣችበት ትመለሳለች። ይህንኑ በሌላ የድግግሞሽ ብሎክ ስንከበው ረጅም የጥለት መስመር ይወጣል።

የነጠብጣብ ዕዳ

የስክራች መድረክ 480 በ360 ነጠብጣቦች ወይም ፒክስሎች አሉት፤ በድምሩ 172,800። ለእያንዳንዱ ነጠብጣብ ቀለም 3 ባይት ብንመድብ ሥዕሉ ሳይታመቅ 518,400 ባይት ይይዛል። ኤሊዋ ስትራመድ ኮምፒውተሩ ነጠብጣቦቹን ያቀልማል፤ ከዚያ በኋላ ግን መስመሩ ከየት ተነሥቶ የት እንደ ደረሰ አያስታውስም። ሥዕሉን 2 ሜትር ስፋት ባለው ጨርቅ ላይ ብናትመው እያንዳንዱ ነጠብጣብ 4.2 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። ዓይን ደረጃውን ለይቶ ያያል፤ ያማረው ሰያፍ መስመር መሰላል ይመስላል።

መፍትሔው ቬክተር ነው። የቬክተር ሥዕል ነጠብጣብን ሳይሆን የመስመሩን መነሻ፣ መድረሻ፣ ቀለምና ውፍረት ይመዘግባል፤ በማንኛውም መጠን ሲታይ ኮምፒውተሩ እንደ አዲስ አስልቶ ይሥለዋል። ለዚህ የሚያገለግለው ኤስ.ቪ.ጂ የተባለው የፋይል ዓይነት እ.ኤ.አ. በ2001 የድረ ገጽ ዓለም አቀፍ ደረጃ ሆነ።

ኤዲተሩን ማስፋት

ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ማንም ሰው ኮዱን አንብቦ እንዲያሻሽለው የተፈቀደ ነው። በመሆኑም የጎደለውን መጨመር ይቻላል። ሥራው በመሠረቱ ሦስት እርምጃ ነው። በመጀመሪያ «ወደ ፊት» የሚለው ብሎክ መስመር በሣለ ቁጥር መነሻውንና መድረሻውን በዝርዝር ውስጥ እንዲያኖር ይደረጋል። ቀጥሎ የቦታ ቁጥሮቹ ይለወጣሉ፤ በመድረኩ ላይ ዜሮ መሐል ሲሆን ከፍታም ወደ ላይ ይቆጠራል፤ በኤስ.ቪ.ጂ ግን ዜሮ በላይኛው ግራ ጥግ ሆኖ ቁጥሩ ወደ ታች ያድጋል። ስለዚህ በአግድሙ ቁጥር ላይ 240 እንደምራለን፤ የቁመቱን ደግሞ ከ180 ላይ እንቀንሳለን። (−100፣ 50) የነበረው ነጥብ (140፣ 130) ይሆናል። በመጨረሻም ዝርዝሩ በኤስ.ቪ.ጂ ቋንቋ ይጻፋል።

ይህ በተግባር የተፈጸመ ነው። ለተርትል አርት ሥዕልን በኤስ.ቪ.ጂ የሚያስቀምጥ ብሎክ ተጨምሮለታል። ስናፕ እ.ኤ.አ. በ2018 የቬክተር መሣያ ያገኘ ሲሆን፣ ከዚያም የብዕርን ፈለግ በቬክተር ማውጣት ችሏል። በስናፕ ላይ የተገነባው ተርትል ስቲች ደግሞ የኤሊዋን ጉዞ ለጥልፍ ማሽን ትእዛዝ አድርጎታል።

ወሰኑ የት ነው?

ቬክተር ሁልጊዜ ይበልጣል ማለት አይደለም። አንድ መስመር 40 ባይት ቢወስድ፣ መስመሮቹ ከ12,960 ሲያልፉ ፋይሉ ካልታመቀው የነጠብጣብ ሥዕል ይገዝፋል። የተከበበን ቦታ በቀለም የሚሞላው ብሎክም ጎረቤት ነጠብጣቦችን እያየ ስለሚሠራ በቀጥታ ወደ ቬክተር አይተረጎምም፤ ቅርጹ እንደ ዝግ መንገድ ተለይቶ መመዝገብ አለበት።

ከሁሉ በላይ የሚያስደንቀው ግን ሽሮ ሜዳ የሚያስተምረን ነገር ነው። ጥልፍ መርፌ የሚሄድበት መንገድ ስለሆነ ቬክተርን ይመስላል። በሽመና የሚወጣ ጥለት ግን ድርና ማግ በሚገናኙበት ነጥብ ሁሉ የሚወሰን ስለሆነ ለነጠብጣብ ሥዕል ይቀርባል። ሆኖም ሸማኔው ነጠብጣቦችን አንድ በአንድ አይሸመድድም፤ በአእምሮው የያዘው ቆጠራንና ድግግሞሽን ነው። ይህም ፕሮግራም ከምንለው ነገር ብዙ አይርቅም።

ፎቶግራፍ የጥለትን መልክ ያስቀራል፤ አሠራሩን ግን አይናገርም። ከባለሙያው አፍ ሰምቶ በብሎክ የተጻፈ ንድፍ ግን መልኩንም ሥርዓቱንም ይይዛል፤ እንደ አስፈላጊነቱ ለሽመና በነጠብጣብ፣ ለጥልፍና ለኅትመት በቬክተር ይወጣል። ስለዚህ ኤዲተሩን ለማስፋት የሚነሣ ተማሪ ኮዱን ከመክፈቱ በፊት ከሸማኔው አጠገብ ተቀምጦ ቢቆጥር ሥራው በጽኑ መሠረት ላይ ይቆማል። በእጅ ሙያ ብቻ የሚተላለፍ ቆጠራ፣ ተቀባይ ባጣ ጊዜ ከባለቤቱ ጋር ያልፋልና።