መልሶ መጠቀምም ጭስ አለው

ከአሮጌ የኤሌክትሪክ ሽቦ መዳብ የሚወጣው በሁለት መንገድ ነው፤ ልባሱን በቢላዋ ወይም በማሽን ልጦ፣ አለዚያም እሳት ላይ ጥሎ። ሁለቱም መልሶ መጠቀም ይባላሉ፤ መዳቡም ከሁለቱም ገበያ ይደርሳል። ነገር ግን አብዛኛው የሽቦ ልባስ ክሎሪን ያለበት ፕላስቲክ በመሆኑ ሲቃጠል ዳይኦክሲን የተባለ፣ አፈር ውስጥ ለብዙ ዓመታት የሚቆይ መርዝ ይወጣዋል። መዳቡ ራሱ የመርዙን መፈጠር ያግዛል። የኤሌክትሮኒክስ ቁርጥራጭን መልሶ የመጠቀም ዘዴዎች አካባቢን ምን ያህል እንደሚጎዱ የሚመዝን ባለሙያ ስንት ኪሎ መዳብ እንደተገኘ ጠይቆ አያበቃም፤ ጭሱ፣ አሲዱና አመዱ የት እንደገቡም ይከታተላል።

ይህ ሚዛን ለምዕራብ ጎንደር ቆላ የሚያስፈልግ ነው። ከመተማ ዮሐንስ እስከ ገንዳ ውኃ፣ ከሽንፋ እስከ ቋራ በተዘረጋው የሰሊጥና የጥጥ አገር፣ የመብራት መስመር ያልደረሰበት እርሻ በባትሪ ድንጋይ፣ በሶላርና በሞባይል ይኖራል። ሁሉም አንድ ቀን ቁርጥራጭ ይሆናሉ።

ከመካከላቸው ክፉው የመኪናና የትልልቅ ሶላሮች ባትሪ ነው። ከክብደቱ ከግማሽ በላይ እርሳስ ሲሆን ውስጡ ሰልፈሪክ አሲድ አለ። ሰብሮ አሲዱን ያፈሰሰ ሰው እርሳሱንም አብሮ ያፈሳል። የመተማ ዋልካ አፈር በበጋ በጥልቀት ስለሚሰነጠቅ የወደቀበትን ወደ ታች ይስባል፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ ጎርፉ የላዩን አፈር ወደ ጓንግና ወደ ሽንፋ ወንዞች ያወርዳል። ጓንግ ሱዳን ሲገባ አትባራ ነው፤ ጉዳቱ በድንበር አይቆምም። እርሳስ ከሁሉ ይልቅ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል።

የሞባይል ቦርድ ሌላ ስሌት አለው። ባትሪያቸው የወጣ አንድ ቶን ቀፎዎች ከ200 ግራም በላይ ወርቅ ይይዛሉ፤ ከአንድ ቶን የማዕድን ድንጋይ ግን ጥቂት ግራም ብቻ ይገኛል። ወርቁን በጓሮ በአሲድ ማጠብ ጥቂቱን አውጥቶ መርዙን እዚያው ይተዋል። ዘመናዊ መፍጫ ማሽንም ቢሆን ከብክነት አያመልጥም፤ እ.ኤ.አ. በ2009 በጀርመን አንድ ፋብሪካ ላይ የታተመ ጥናት ከወርቁ በሚገባ ወደ ማቅለጫው የሚደርሰው ሩብ ገደማ ብቻ እንደሆነ አሳይቷል። የቀረው ከብረቱ፣ ከፕላስቲኩና ከብናኙ ጋር ይደባለቃል። በካቻቢቴና በፒንሳ በእጅ መፍታት ቀርፋፋ ነው፤ ግን ቦርዱን ሙሉውን ያወጣል።

ስለዚህ ብዙ አጥኚዎች ሥራውን ለሁለት መክፈልን ይመክራሉ፤ መፍታቱና መለየቱ ጉልበት ባለበት አገር፣ ማቅለጡ ጋዙን አጣርቶ በሚይዝ ትልቅ ፋብሪካ። በቤልጂየም ሆቦከን የሚገኘው የኡሚኮር ማቅለጫ ከአሥር በላይ የብረት ዓይነቶችን ያወጣል። የመጀመሪያውን ግማሽ ሥራ በአገራችን አዲስ አበባ አቃቂ ያለው የመፍቻ ማዕከል ጀምሮታል፤ ኮምፒውተር በእጅ እየተፈታ ብረቱ፣ ፕላስቲኩና ቦርዱ ለየብቻ ይቀመጣል።

መተማ ከአዲስ አበባ 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። የጭነት መኪናው ጭስ በሚዛኑ ላይ ይገባል፤ ሆኖም ያንኑ ወርቅ አዲስ ከመቆፈር ጋር ሲተያይ ትንሽ ነው። የሚከብደው ወረቀቱ ነው። ኢትዮጵያ የባዝል ስምምነት አባል ናት፤ እ.ኤ.አ. ከ2025 መጀመሪያ ጀምሮ ማንኛውም የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ድንበር የሚሻገረው ተቀባዩ አገር አስቀድሞ ሲፈቅድ ነው። በአገር ውስጥም የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 425/2010 ስለ አያያዙና አወጋገዱ ወጥቷል። ሥራው ግን ገና ብዙ ይቀረዋል፤ በዓለም እ.ኤ.አ. በ2022 ከተጣለው 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ውስጥ በሥርዓት ተሰብስቦ መልሶ ጥቅም ላይ መዋሉ የተመዘገበው 22.3 በመቶ ብቻ ነው።

እንደ መተማ ያለ ከተማ ምድጃ አያስፈልገውም። ጣሪያና የሲሚንቶ ወለል ያለው መሰብሰቢያ፣ አሲድ የማይበላው ሳጥን፣ ባትሪውን ሳይሰብር ላመጣ ቆራሌ የተሻለ ዋጋ ይበቃዋል። ሥራውን በኩንታል ብቻ መለካት ያሳስታል፤ መሰብሰቢያው ከመከፈቱ በፊትና ከተከፈተ በኋላ በዙሪያው አፈርና ጉድጓድ ውኃ ያለውን እርሳስ ማስመርመር የበለጠ እውነት ይናገራል።