ግራጫና ጎረቤቶቹ

በስክሪን ላይ የምናየው ቀለም ሁሉ ከሦስት ብርሃኖች ይገኛል፤ ከቀይ፣ ከአረንጓዴና ከሰማያዊ። የእያንዳንዱ መጠን ከ0 እስከ 255 ባለው ቁጥር ይለካል። ሦስቱም 0 ሲሆኑ ጥቁር፣ ሦስቱም 255 ሲሆኑ ነጭ ይወጣል። በመካከል ሦስቱ እኩል የሚሆኑባቸው 254 እርከኖች በሙሉ ግራጫ ናቸው።

ግራጫ ለድረ ገጽ እንግዳ አይደለም። እንደ ሞዛይክና ኔትስኬፕ ባሉት የ1990ዎቹ ማሰሻዎች፣ የገጹ ሠሪ ሌላ ካልመረጠ በቀር መደቡ ግራጫ ነበር። ዛሬ መደቡን ለነጭ ለቅቆ በማካፈያ መስመሮች፣ በቀንና በፎቶ መግለጫዎች፣ በቅጽ ሳጥኖች ላይ ይሠራል። አንባቢ አይቶት የሚያልፈው ነገር በግራጫ ይቀመጣል፤ እጁን እንዲያሳርፍበት የሚፈለገው ቁልፍ ደማቅ ቀለም ይሰጠዋል። ቁልፉ ራሱ ፈዛዛ ግራጫ ከሆነ ግን ብዙ ሰው የማይሠራ መስሎት ያልፈዋል።

ግራጫን አስቸጋሪ የሚያደርገው ጎረቤቱ ነው። በፓሪስ የጎብለን ሽመና ፋብሪካ የቀለም ክፍል ኃላፊ የነበረው ኬሚስት ሚሼል ኧዤን ሸቭረል፣ ጥቁሩ ክር ደበዘዘ የሚል አቤቱታ ቀረበለት። መርምሮ ሲያይ ማቅለሚያው ጉድለት አልነበረበትም፤ ጥቁሩን ያደበዘዙት አጠገቡ የተሸመኑት ቀለማት ነበሩ። ግኝቱን በ1839 በመጽሐፍ አወጣ። በስክሪንም ነገሩ ያው ነው፤ ንጹሕ ግራጫ በቀይ ሲከበብ ወደ አረንጓዴ፣ በሰማያዊ ሲከበብ ወደ ብርቱካናማ ያዘነበለ ይመስላል። ስለዚህ ብዙ ዲዛይነሮች ግራጫቸውን ከገጹ ዋና ቀለም ጥቂት ያቀምሱታል። ሰማያዊ ለሚበዛበት ገጽ ከ128፣ 128፣ 128 ይልቅ 120፣ 128፣ 140 ይስማማዋል።

ሁለተኛው ጉዳይ የብርሃን ልዩነት ነው። የወርልድ ዋይድ ዌብ ኮንሰርሺየም በ2008 ያወጣው የተደራሽነት መመሪያ፣ ተራ ጽሑፍ ከመደቡ ጋር ቢያንስ 4.5 ለ1 የብርሃን ንፅፅር እንዲኖረው ይጠይቃል፤ ለትልልቅ ፊደላት 3 ለ1 ይበቃል። ጥቁር በነጭ ላይ 21 ለ1 ነው። በነጭ መደብ ላይ ሦስቱም ቁጥሮቹ 118 የሆኑ ግራጫ ያልፋል፤ 119 ግን ይወድቃል።

ዓይን የሚስብ ቀለም ሁሉ ይነበባል ማለትም አይደለም። እሳት የመሰለ ቀይ በመካከለኛው ግራጫ፣ በ128 ላይ ቢጻፍ ንፅፅሩ 1 ለ1 ገደማ ነው። ቀለሞቹ የተራራቁ ቢመስሉም ብርሃናቸው እኩል ስለሆነ የፊደላቱ ጠርዝ ይንቀጠቀጣል፣ አንባቢም ይደክማል።

በአማርኛ ገጽ ደግሞ ጥንቃቄው ይጨምራል። በን ከቡ፣ ቢን ከቤ የሚለየው በጎን ወይም በእግር ላይ ያለች ትንሽ ቅጥያ ናት። ፊደሉ ቀጭን፣ ግራጫው ፈዛዛ ከሆነ መጀመሪያ የምትጠፋው እሷ ናት። ስለዚህ ለአማርኛ ጽሑፍ ከመመሪያው ዝቅተኛ ልክ ጠቆር ማድረግ ይመረጣል።

የቀለም ምርጫን ለመፈተን የስልኩን ስክሪን ወደ ጥቁርና ነጭ መቀየር ይበቃል፤ ብዙ ስልኮች በተደራሽነት ቅንብራቸው ውስጥ ይህ አማራጭ አላቸው። ቀለሙ ሁሉ ግራጫ ሲሆን ጽሑፉ ካልተነበበ ወይም ዋናው ቁልፍ ከመደቡ ካልተለየ፣ የሚስተካከለው የቀለሙ ዓይነት ሳይሆን የብርሃኑ መጠን ነው።