የአደጋ ስልክና የከንቱ ጥሪ

የቤተ ክርስቲያን ደወል የሚደወልበት ሰዓት የታወቀ ነው። ለኪዳንና ለቅዳሴ በተደወለ ጊዜ ምእመናን ድምፁን ሰምተው ወደ ጸሎት ይሄዳሉ። ነገር ግን ደወሉ ያለ ሰዓቱ የተሰማ እንደ ሆነ፣ ገበሬው ሞፈሩን ጥሎ፣ እናት ምጣዷን ትታ፣ ሰው ሁሉ «ምን መጣ?» እያለ ይሮጣል፤ እሳት ተነሥቷል ወይም ሌላ ጭንቅ ደርሷል ማለት ነውና። ይህን ደወል ለጨዋታ የሚደውል ሰው ቢገኝ፣ ሕዝቡ በመጀመሪያው ቀን ይቈጣል፤ በሁለተኛው ቀን ይዘገያል፤ በሦስተኛው ቀን ጨርሶ አይመጣም። እውነተኛው እሳት የሚነሣው ግን በዚያው በሦስተኛው ቀን ሊሆን ይችላል።

ዛሬ በአዲስ አበባ የዚያን ደወል ሥራ የሚሠራው ስልክ ነው። እሳት የተነሣበት ሰው 939 ደውሎ የእሳትና አደጋ ሥጋት አመራር ኮሚሽንን፣ ወንበዴ የመጣበት 991 ደውሎ ፖሊስን፣ ሕመምተኛ የያዘ 907 ደውሎ የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበርን አምቡላንስ ይጠራል። ይሁን እንጂ እነዚህን መስመሮች ለጭንቅ ሳይሆን ለከንቱ ነገር የሚደውል ሰው መኖሩን የአደጋ ሠራተኞች በየጊዜው ለሕዝብ ሲያሳስቡ እንሰማለን። አንዱ የጠፋው መብራት በስንት ሰዓት እንደሚመጣ ለመጠየቅ፣ ሁለተኛው ጎረቤቱ በደጁ ቆሻሻ አፈሰሰብኝ ብሎ ለመክሰስ፣ ሦስተኛው ሥራ ፈትቶ ለመሳለቅ ይደውላል። ሕፃናትም የወላጆቻቸውን ስልክ ይዘው ይጫወቱበታል። ከሁሉ የሚከፋው ግን እሳት ሳይኖር «እሳት ተነሣ» ብሎ መኪና የሚያስወጣው ነው።

እንዲህ ያለው ደዋይ «የአንድ ደቂቃ ነገር ነው» ይል ይሆናል። ነገር ግን ጥሪውን የሚቀበለው ሠራተኛ ነገሩ ከንቱ መሆኑን እስኪረዳ ድረስ ስልኩን ሊዘጋ አይችልም፤ በድንጋጤ ቃል የጠፋው ሰውና ቀልደኛው በመጀመሪያው ንግግራቸው አይለዩምና። በዚያች ደቂቃ ቤቱ የሚቃጠልበት ሌላ ሰው ቢደውል የተያዘ መስመር ያጋጥመዋል። መኪናው የወጣ እንደ ሆነ ደግሞ ጉዳቱ ይበዛል፤ ነዳጁ ይባክናል፤ ሠራተኛው ይደክማል፤ እውነተኛ እሳት በሌላ ሰፈር ቢነሣም ለዚያ የሚቀርበው መኪና በሐሰት ጉዞ ላይ ይገኛል።

ይህ ነገር በማናቸውም ሰፈር የሚያሳስብ ሲሆን በአዲስ ከተማ፣ ይልቁንም በመርካቶ፣ እጅግ ያስፈራል። መርካቶ የዛሬውን ስፍራ የያዘው በጠላት ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ውስጥ፣ ኢጣልያኖች በጊዮርጊስ አጠገብ የነበረውን የአራዳ ገበያ ወደ ምዕራብ ባዛወሩት ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲህ ገበያው እየሰፋ፣ ሱቅ ከሱቅ እየተጠጋ ሄደ። በሸማ ተራ ጨርቁ፣ በምን አለሽ ተራ አሮጌው ብረት፣ በበርበሬ ተራ ቅመሙ ተከማችቷል። በጠባቡ መንገድ ጭነት የሚያራግፈው መኪና፣ ሸክም ያጐበጠው ወዛደርና ዕቃውን መሬት ላይ የዘረጋው ቸርቻሪ ይጋፋሉ። እንዲህ ባለ ስፍራ እሳት ከአንዱ ሱቅ ወደ ሌላው ለመሻገር ብዙ ጊዜ አይፈልግም፤ ሊያጠፋው የሚመጣው መኪና ግን ለመግባት ብዙ ጊዜ ይፈልጋል።

ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ማታ በሸማ ተራ የተነሣው ቃጠሎ ይህን ለሁሉ አስተምሯል። እሳቱ በነጋዴዎች ንብረት ላይ ከባድ ጥፋት አደረሰ፤ የመንገዱም ጥበት ለእሳት አጥፊዎች እንቅፋት ሆኖባቸው ነበር። መንገድን ለማስፋት ዘመንና ገንዘብ ያስፈልጋል። የአደጋውን መስመር ነጻ ለማድረግ ግን አንድ ብር እንኳ አያስፈልግም። መንገዱ የሚወስደውን ደቂቃ ዛሬውኑ ልናስመልስ ባንችል፣ በአንደበታችን የምናባክነውን ደቂቃ ልናስቀር እንችላለን።

የተያዘ መስመር ሰው እንደሚገድል የውጭ አገር ታሪክም ይመሰክራል። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1935 በለንደን ከተማ፣ ዊምፖል በተባለ ጎዳና አንድ ቤት ተቃጥሎ አምስት ሴቶች ሞቱ። አንድ ጎረቤት እሳቱን አይቶ እሳት አጥፊዎችን ለመጥራት ቢደውል፣ የስልክ ማዞሪያው ከሌሎች ደዋዮች ጋር ተራ አስጠብቆት ነበር። ሰውዬውም ይህን በጋዜጣ ጽፎ ገለጠ። ከዚህ የተነሣ በ1937 ከሌሎች ጥሪዎች ሁሉ ቀድሞ የሚሰማ 999 የተባለ ቁጥር ተቋቋመ። ነገር ግን በመጀመሪያው ሳምንት ከገቡት ከ1,300 በላይ ጥሪዎች ውስጥ 91 የቀልደኞች ነበሩ። እንግዲህ ይህ በደል የእኛ አገር ብቻ አይደለም፤ ከመስመሩ ጋር አብሮ የተወለደ ነው።

በከተማችን እሪ በከንቱ የሚባል ሰፈር አለ። ስሙ የወጣው፣ ወንበዴ የሚዘርፈው መንገደኛ በዚያ ስፍራ እሪ ቢል የሚደርስለት ስላልነበረ ነው ብለው ሽማግሌዎች ያወራሉ። በዚያ ዘመን እሪታ ከንቱ የሆነው ሰሚ በማጣቱ ነበር። ዛሬ ግን ሰሚው ሌሊትና ቀን ተቀምጦ ሳለ እሪታውን ከንቱ የምናደርገው እኛው ራሳችን ነን።

ነገር ግን ጥፋቱን ሁሉ በደዋዩ ላይ ጥለን ብናልፍ እውነቱን በግማሽ መናገር ይሆናል። በቀድሞ ዘመን የተበደለ ሰው ንጉሡ በሚያልፉበት መንገድ ቆሞ «አቤት! አቤት!» እያለ ይጮህ ነበር። ይህንም የሚያደርገው ብዙ ጊዜ ከበታች ዳኞች ዘንድ ሰሚ ሲያጣ ነው። ዛሬም ስለ መብራት 905፣ ስለ ውኃ 906፣ ስለ ስልክ 994 የተባሉ ቁጥሮች ተሰጥተዋል፤ ለሌላው ጉዳይም ወረዳና ክፍለ ከተማ አለ። ሆኖም ባለ ጉዳይ በማናቸውም መሥሪያ ቤት ደውሎ መልስ ያጣ፣ ወይም «ዛሬ ሂድ ነገ ና» የተባለ እንደ ሆነ፣ ሁልጊዜ ወደሚነሣው ስልክ ይሄዳል። ደጁ የተዘጋበት ሰው በመስኮት ቢገባ የሚደነቅ አይደለም። በአሜሪካ የባልቲሞር ከተማ ይህን ተረድታ በ1996 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ለአደጋ ከተሰጠው 911 ሌላ፣ ጥቃቅን ጉዳይ የሚሰማበት 311 የተባለ ቁጥር አቆመች።

ስለዚህ ሹማምንት የየመሥሪያ ቤታቸው ስልክ መነሣቱን፣ ለተነሣውም ጥያቄ መልስ መሰጠቱን ቢቈጣጠሩ፣ የራሳቸውን ባለ ጉዳይ ከማስደሰታቸውም በላይ የማያውቁትን ሰው ቤት ከእሳት ያድናሉ። ካህናትም ሐሰት ኃጢአት መሆኑን ሲያስተምሩ፣ በስልክ የሚነገር ሐሰት ነፍስ ሊያጠፋ እንደሚችል ቢጨምሩበት፣ ቃላቸው ከማስታወቂያ ይልቅ ወደ ልብ ይገባል። ወላጆች ልጆቻቸውን ይምከሩ። የመርካቶ ነጋዴዎችም እነዚያን ቁጥሮች በየሱቃቸው በር ጽፈው ይለጥፉ፤ የሚደውለውም ሰው የተራውን ስምና መኪና ሊገባበት የሚችለውን መንገድ አስተካክሎ ይናገር።

አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ሲሉ የተናገሩት ምክር ለዚህ ነገር የተገባ ነው። አንድ ሰው ለከንቱ ነገር ሊደውል ያነሣውን ስልክ መልሶ ቢያስቀምጥ፣ ያች ቅጠል እርሷ ናት። በዚያች ሰዓት በማን ሱቅ እሳት እንደ ተነሣ አያውቅምና፤ ምናልባትም የገዛ ራሱ ሱቅ ይሆናል።