ዛፋችንን ማን በሳው?

ከሜዳው ጥግ ያለው ባሕር ዛፍ ቀዳዳና ብናኝ አለበት፤ አይታችሁታል?

ግንድ የሚበሱ ጥንዚዛዎች ብዙ ዓይነት ናቸው። ባሕር ዛፍ በአፄ ምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ መጣ። የአገሩ ጥንዚዛም ተከትሎት እስከ ደቡብ አፍሪካና ሞሮኮ ደርሷል፤ አንቴናው ከሰውነቱ ይረዝማል!

እንስቷ ቅርፊት ስር እንቁላል ትጥላለች፤ ግንዱን የሚቦረቡረው እጩ ነው። ጤነኛ ዛፍ በሙጫው እጩን ያሰጥመዋል። ውሃ የጠማው ወይም የቆሰለ ዛፍ ግን አቅም ስለሌለው ምግብ ማለፊያው ተቆርጦ ይደርቃል።

መድኃኒት ቢረጭ እጩ ውስጥ ስለሆነ ብዙም አያገኘውም። የተበላው ዛፍ ተቆርጦ ቅርፊቱ ቶሎ ተልጦ ይቃጠላል። አጣና ሲላጥ እጩ ማደሪያ ያጣል ማለት ነው፤ እኔ ለማማር ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ስማችንን በምላጭ ዛፍ ላይ አንጻፍ (እኔም ጽፌያለሁ)። ዓርብ ከትምህርት በኋላ ችግኞቹን እናጠጣለን፤ ጀሪካን ያላችሁ ይዛችሁ ኑ።