የርዳታ ቀለብና የሕፃናት ገበታ

በካምፓላ ከተማ በናካዋ ክፍል የምትገኘው ንቲንዳ ገበያና የፋብሪካ ሠፈር ያላት ናት። በገበያዋ ባቄላ፣ አትክልትና ማቶኬ የሚባለው ተቀቅሎ የሚበላው ሙዝ ይሸጣል። ነገር ግን ምግብ በገበያ መገኘቱና ለሕፃን አፍ መድረሱ የተለያየ ነገር ነው።

ኡጋንዳ ከአፍሪካ አገሮች ሁሉ ይልቅ ብዙ ስደተኞችን ያስጠለለች አገር ናት። በ2006 ዓመተ ምሕረት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር የወጣው ሕግ ስደተኞች እንዲዘዋወሩና እንዲሠሩ ይፈቅዳል። የምግብ ርዳታ ግን በመደበኛነት የሚታደለው በገጠር ሠፈራ ለሚኖሩት ነው፤ በዋና ከተማው መኖርን የመረጠ ራሱን እንዲችል ይጠበቅበታል። ስለዚህ በንቲንዳ የተጠጋ ስደተኛ ቤተ ሰብ ሕፃኑን የሚመግበው በዕለት ገቢው ብቻ ነው።

የሠፈራዎቹም ቀለብ እየሳሳ ሄዷል። የዓለም የምግብ ፕሮግራም በ2020 ቀለቡን ወደ 70፣ በ2021 ወደ 60 ከመቶ አወረደው፤ በ2023 ዕደላውን በችግረኛነት ደረጃ ከፋፈለ፤ በ2025 በገንዘብ እጥረት ምክንያት አንድ ሚሊዮን ያህል ሰዎች ከርዳታው ወጡ።

ቀለብ ሲጐድል ከገበታ አስቀድሞ የሚጠፋው ወተት፣ እንቁላልና ዓሣ ሲሆን፣ የሚቀረው ፖሾ የሚባለው የበቆሎ ገንፎ ነው። ይህ ሆድ ይሞላል እንጂ አካል አይገነባም። የሕፃን ሆድ ጠባብ ስለ ሆነ፣ ጥቂቱ ጉርሻ ብዙ ጥቅም ያለው መሆን አለበት። ከ6 ወር እስከ 2 ዓመት ያለ ሕፃን የእናቱን ጡት ጨምሮ ከ8ቱ የምግብ ክፍሎች ቢያንስ 5ቱን በየቀኑ እንዲያገኝ የጤና ሊቃውንት ይመክራሉ። በዚህ ዕድሜ የቀጨጨ ሕፃን በኋላ ቢጠግብም የጐደለውን ሁሉ መመለስ አስቸጋሪ ነው።

መድኀኒቱ እዚያው ካምፓላ የታወቀ ነው። በሙላጎ ሆስፒታል ያለው የምዋናሙጊሙ ክፍል ከ1960ዎቹ ጀምሮ እናቶችን ኪቶበሮ የተባለውን ምግብ ሲያስተምር ኖሯል። ይኸውም ማቶኬን ወይም እህልን ከባቄላ ወይም ከኦቾሎኒ፣ ሲገኝም ከወተት ወይም ከዓሣ ጋር አደባልቆ ማብሰል ነው። ሆኖም ትምህርቱ የሚጠቅመው የሚደባለቀው ሲገኝ ነው።

እንግዲህ ቀለብን በኪሎ ብቻ የሚመዝን አስተዳዳሪ የሕፃኑን ድርሻ ይስታል። ርዳታው በጥሬ ገንዘብ ሲሆንም ልኩን የሚወስነው የነጋዴው ዋጋ ነው፤ የባቄላ ዋጋ በናረ ቍጥር ቀለቡ ማንም ሳያውጅ ተቀነሰ ማለት ነው። ቀለብ ከገበያው ዋጋ ጋር እየተመዛዘነ ቢታደስ፣ ከ2 ዓመት በታች ላሉትም ለብቻው ቢታሰብ፣ የሚወጣው ገንዘብ ከንቱ አይቀርም።